ሲጠብቅና ሲላላ

በ2083 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በሦስተኛው ዓርብ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ወንዝ ዳር ካለው ሥዕል ቤት በር ላይ አርባ ያህል ሰው ተሰልፎ ነበር። ሰልፉ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ ጠረጴዛው ወደ ቀለበቱ ይገባል፤ አሥር ጊዜ ሳይተነፍስ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ሁሉ በዓመት አንድ ቀን መጋደም ግዴታው ነው። ሰልፈኛው ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ ማለቱን ያወራል፣ ያዛጋል፣ ያቀፈውን ልጅ ያባብላል። ተራው የደረሰውን ሰው ከኋላው ያለው ትከሻውን መታ ያደርግና «ገር ያውጣልህ» ይለዋል። እሱም «አሚን፣ ለሁላችን» ብሎ ይገባል።

ሥዕሉን የሚያየው ሰው አይደለም፤ ተመልካቹ የሚባለው መሣሪያ ነው። ተመልካቹ በሰው ሆድ ውስጥ ያገኘውን እብጠት ሁሉ ከሁለት ስሞች በአንዱ ይጠራዋል፤ ገር ወይም ክፉ። ሦስተኛ ስም የለውም።

ረቂያ እንድሪስ ከልጇ ከነኢማ ኋላ ቆማ የልጅቷን ኮሌታ ታስተካክላለች። ረቂያ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። በግራ ጆሮዋ ጀርባ እንደ ማንኛውም ሰው የተጻፈውን የሚያነብላት ነጋሪዋ ተለጥፏል፤ በቀኝ ጆሮዋ ላይ ግን እርሳስ ሰክታለች።

«እማ፣ ተይኝ። ሰው ያያል» አለች ነኢማ።

«ይይ። ክሩ ወጥቶ ነው።»

«ለጠረጴዛው ክሩ ምኑ ነው?»

«ገር ያውጣልሽ ልጄ።»

ነኢማ ዕድሜዋ የደረሰው ገና ዘንድሮ ነው፤ የመጀመሪያዋ መጋደም ነበር። ገባች፤ ወጣች። ከወጣች በኋላ ጆሮዋን በጣቷ ነክታ ቆመች፤ ነጋሪው የነገራትን እንዲደግምላት ስታዝ ነው። ረቂያ የልጇን ፊት አይታ አወቀች፤ ቢሆንም ጠየቀች።

«ምን አለሽ?»

«ክፉ አለኝ።»

ከኋላ የነበሩት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ለክፋት ብለው አይደለም፤ ልማድ ነው። ከዚያ ሰልፉ ቀጠለ።

በሩ አጠገብ ከግድግዳው ቀዳዳ አንድ ወረቀት ወጣ። ሥሩ ሰዎች ወረቀታቸውን የሚጥሉበት ቅርጫት አለ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሞልቷል። ረቂያ የልጇን ወረቀት አልጣለችም። አራት ቦታ አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

*

«ወረቀቱ ለሕግ፣ ድምፁ ለጆሮ» ይባላል። ማንኛውም ውሳኔ በወረቀት መውጣት አለበት፤ ሕጉ እንዲያ ይላል። የሚያነበው ግን የለም። ነጋሪው የተጻፈን ሁሉ ያነባል፤ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የአውቶቡስ ታርጋ፣ የመቃብር ድንጋይ። ሰው ይናገራል፤ አንዱ መሣሪያ በፊደል ጽፎ ያስቀምጣል፤ ሌላው መሣሪያ አውጥቶ ድምፅ ያደርገዋል። ፊደል በመሣሪያዎቹ መካከል የሚመላለስ ነገር ሆኖ ከቀረ አንድ ትውልድ አልፏል።

ረቂያ ባለፈው ዓመት ፊደል መቁጠር ስትጀምር ጎረቤት ሁሉ ስቋል። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ምክንያቷ አንድ ወረቀት ነበር። ባሏ ሰዒድ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ነጋሪው ሁለት ነገር ብቻ ነገራት፤ ሁለቱም ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ነበር። ወረቀቱን በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር አኖረችው። ነጋሪውን ድጋሚ አንብብ ብላ አዝዛው አታውቅም። በዚያ ድምፅ ሁለተኛ መስማት አልፈለገችም። በገዛ ዓይኗ ማየት ነው የፈለገችው፤ ለዚያም ፊደሉን ሁሉ እስክትጨርስ ቆርቆሮውን ላትከፍት ለራሷ ቃል ገብታለች።

የልጇን ወረቀት ግን መጠበቅ አልቻለችም። ከሥዕል ቤት መልስ ሱቋን ከፍታ፣ የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነኢማ ከጥግ ካለው የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ እንደ እንግዳ ታያታለች።

«ውሳኔውን ሰምተነዋል እኮ፣ እማ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ትርፍ አንጀቴ ይወጣል፤ ከትልቁ አንጀት ግማሹ ይወጣል፤ የሴት እንቁላል የሚፈልቅበትም ከሁለቱም ጎን ይወጣል። ከዚያ ሆዴን በትኩስ መድኃኒት ያጥቡታል። ሦስት ጊዜ ነገረኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጅ አልወልድም ማለት ነው።»

ይህን ያለችው የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትናገር አድርጋ ነበር። ረቂያ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ብታያት ማንበብ እንደማትችል ታውቃለች።

ከዙሁር እስከ አስር ሶላት ድረስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየያዘች ሄደች። አብዛኛው ነጋሪው የነገራቸው ነው። ከታች ግን ነጋሪው ያልነገራቸው፣ በደቃቅ የተጻፈ መስመር አለ። ነጋሪ ውሳኔ እንጂ መነሻ አያነብም፤ ካልታዘዘ በስተቀር። ረቂያ ላብ አጥምቋት አነበበችው። «መነሻ፦ የአምና መዝገብ። ከሆዷ በስተቀኝ ታች። ሁለት ሳንቲ ሜትር። ይሰፋል።»

ልክ ማንበቧን ለማረጋገጥ ነጋሪዋን ነካችው፤ እሱም በዚያ ንጹሕ ድምፁ ያንኑ አለ። ሁለት ሳንቲ ሜትር፤ ይሰፋል። እየተለቀ፣ እየሰፋ ይሄዳል።

አምና። ለካ አምና ጀምሮ ነበር። ረቂያ አምና ልጇ ሆዴን ነፋኝ ስትል ዝንጅብል አፍልታ የሰጠቻትን ቀን አስታወሰች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ምንም አልሰፋችም።

*

የፊደል ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ የኋላ ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ሰባት ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ የለም። አስተማሪው ጋሽ ይርዳው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ድሮ ማተሚያ ቤት ሠርተዋል፤ ማተሚያ ቤት ምን እንደነበር ማስረዳት ከሰለቻቸው ቆይቷል።

ረቂያ ልትቀር ነበር። ቤት ተቀምጦ የልጇን ዝምታ ከመስማት ይሻላል ብላ መጣች።

ጋሽ ይርዳው ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፈው ከፊደሎቹ አንዱን በክብ መስመር ከበቡ። ከሥሩም «ይህ ፊደል ይጠብቃል» ብለው ጻፉ። ጋሽ ኡመር፣ የጭነት መኪኖች ያለ ሹፌር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ ቤት የዋለ ሹፌር፣ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ይህ ፊደል ይጠብቃል።» አንገቱን አዞረ። «ማንን ነው የሚጠብቀው ምስኪኑ?»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ይርዳውም ሳቁ።

«ኡመር፣ ሳታውቀው ትምህርቱን ጨረስክልኝ። እኔ የጻፍኩት ጠበቅ ይላል ልል ነው። አንተ ዘበኛ አደረግከው። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው አፋችን ነው። ገና ሲላላ ጊዜ ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ሽፍታ ሲላላ ጫካ የገባ ወንበዴ ነው፤ ሲጠብቅ ገላ ላይ የሚወጣ ነው።»

«ወላሂ እኮ አደገኛ ነው!» አለ ጋሽ ኡመር። «ገላዬ ላይ ሽፍታ አለ ተብሎ ቢጻፍልኝ፣ ነጋሪው አላልቶ ያነበውና ፖሊስ ይከበኛል።»

እንደገና ሳቁ። ረቂያ አልሳቀችም። ጡቷ ሥር ያለውን ወረቀት አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የመጨረሻዋን ቃል አየች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አንዴ አላላችው። ከዚያ አጠበቀችው።

አጥብቃ ስትለው የሰማችው የራሷን ድምፅ አልነበረም። የአንዲት ነርስ ድምፅ ነበር።

አምና በሚያዝያ ነው። ነኢማ ሱቁ ውስጥ ከበርጩማ ወድቃ በትልቁ መቀስ ሆዷን ተወጋች፤ በቀኝ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ። ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ቁስሉን አጥባ፣ በመለኪያ ለክታ፣ ለመዝጋቢው መሣሪያ እየተናገረች፣ «ከሆዷ በስተቀኝ ታች፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ብላ ወደ ረቂያ ዞር አለችና «ይሰፋል፣ አብሽሪ» አለቻት። ጠበቅ አድርጋ። በመርፌ በክር ይሰፋል ማለቷ ነበር። አራት ቦታም ሰፋችው። ረቂያ ክሩ እኩል አልተሳበም ብላ ቅር መሰኘቷን፣ እኔ ብሰፋው ይሻል ነበር ማለቷን እንኳ ታስታውሳለች።

«ጋሼ» አለች፤ ተነሥታ ሰሌዳው ድረስ ሄደች። «ይህችን ይዩልኝ።»

ጋሽ ይርዳው ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡ። እሷም ስለ መቀሱ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ደግመው አነበቡት።

«ረቂያ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሲፈራ ልቡ የሚወደውን ነው የሚያነበው።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ለርስዎ ያሳየሁት።»

«ሁለቱም ይነበባል። ጽሑፉ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። አፉን የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ውሳኔ የሚቃወም ሰው በእጁ ጽፎ ያመልክት የሚል የድሮ ሕግ አለ። በእጁ የሚጽፍ ስለጠፋ ሳይሽሩት ረስተውታል።» ጠመኔውን ሰጧት። «ተለማመጂ። ግን አስቢበት። አንቺ ይሰፋል ብለሽ ስትጽፊ፣ እነሱም ይሰፋል ብለው ያነቡታል።»

*

እሑድ ቀኑን ሙሉ ጻፈች፤ የጻፈችውን ቀደደች። ነኢማ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች።

«እማ፣ ተመልካቹ የሚሊዮን ሰው ሆድ አይቷል።»

«የአንቺን ሆድ ግን እኔ ነኝ የማውቀው።»

«አንድ ዓመት ፊደል ቆጥረሽ ከተመልካቹ ልትከራከሪ?»

«ከተመልካቹ አይደለም ጠቤ። ዓይኑ ደኅና ነው። መዝገቡን አላልቶ ካነበበለት ነጋሪ ነው።»

«ብትሳሳቺስ?» ነኢማ ተነሥታ ተቀመጠች። «ክፉ ሆኖ አንቺ ገር ነው ብለሽ ብታስቀሪኝስ? ያኔ ማንን ነው የምቀየመው?»

ረቂያ ይህንኑ ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ራሷን ስትጠይቅ ነበር። በሶላት መካከል ሳይቀር ትጠይቅ ነበር፤ ስንተኛ ረከዓ ላይ እንደሆነች ሁለት ጊዜ ጠፍቶባታል።

«እኔን» አለቻት። «እኔን ተቀየሚኝ።»

ነኢማ የእናቷን ወረቀት አንሥታ አየች። ቆይታ፣ «በይ ጻፊው። ፊደልሽ ግን ያስቃል፤ የስሜ መጀመሪያ ናት ያልሽኝ ‹ነ› አንገቷ ተሰብሯል» አለች። ከዓርብ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያው ቀልድ ነበር።

*

የአቤቱታ መስኮት ከሥዕል ቤቱ ጀርባ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ አልነበረበትም። ድምፅ አይቀበልም፤ ረቂያ ብታናግረው መልስ አልሰጣትም። ወረቀቱን በጠባቡ ቀዳዳ ስታስገባው ከውስጥ አቧራ ቦነነ። እናትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ።

በመጨረሻ የጎን በሩን የከፈተችው ሰው ናት። ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ቀጭን ሴት ናት። ዶክተር ሥምረት እባላለሁ አለች፤ ለከተማው የቀረች አንድ ሐኪም እሷ ብቻ መሆኗን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያያት ግን ጥቂት ነው። በእጇ የረቂያን ወረቀት ይዛለች።

«ይህን የጻፈ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በእጅሽ?»

«አዎ። ፊደሉ ካልተነበበልዎ…»

«ይነበባል። በዚህ መስኮት ወረቀት ከመጣ አሥራ አራት ወሩ ነው፤ ሳየው የሆነ ሰው የቀለደ መስሎኝ ነበር።»

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። «እኔ ረቂያ እንድሪስ የነኢማ ሰዒድ እናት ነኝ። ልጄ አምና በመቀስ ተወጋች። ነርሷ ይሰፋል አለች። በመርፌና በክር ነው። አራት ቦታ ተሰፋ። ቆሜ አይቻለሁ። መዝገቡ የሚለው የመቀሱን ቁስል ነው። ሕመሙን አይደለም። እባካችሁ ሰው ይይልኝ።» ጋሽ ይርዳው እንዳሳዩዋት «ይሰፋል» የሚለው ቃል ላይ፣ የሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ አድርጋለች። ነጥቡን የሚያውቀው እንደማይኖር ፈርታ ነው መርፌና ክሩን የጨመረችው።

ዶክተር ሥምረት ወደ አንድ ጨለም ያለ ክፍል አስገባቻቸው። ግድግዳው ላይ የነኢማ ሆድ በግራጫ በራ።

«ይኸው። ትርፍ አንጀት የትንሽ ጣት ያህል ቀጭን ነው። የልጅሽ አውራ ጣት አክሏል። እንደ ተልባ ውሃ የተዝለገለገ ነገር ሞልቶታል። እሱ ብቻውን ገርም ሊሆን ይችላል፣ ክፉም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው።»

«ጠርዙ?» ረቂያ ጠጋ አለች።

«የገሩ እኩል ነው፤ ለስላሳ። አንዳንዴ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ሆኖ ይነጣል። የክፉው ይሻክራል። እዚህ ቀጥኖ እዚያ ይወፍራል፤ አጠገቡ ወዳለው ስብ ክር ክር ይሰዳል።»

«የተዘመዘመና የተተረተረ ማለት ነዋ።»

ዶክተሯ ዞር ብላ አየቻት። «እንዲያ ብሎ ያስተማረኝ የለም። ግን አዎ። እስቲ አንቺ እዪው።»

ረቂያ ጣቷን ሥዕሉን ሳታስነካ በጠርዙ ላይ አስኬደች፤ የቀሚስ ጫፍ ዝምዝማት ስትፈትሽ እንደምታደርገው። ከላይ እኩል ነው። በጎኑ እኩል ነው። ወደ ታች ሲዞር ጣቷ ቆመ። እዚያ ላይ ጠርዙ ደብዝዟል፤ ጥቂት ወፍሯል። ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ልጇ ከኋላዋ ቆማለች፤ ዶክተሯ ፊቷን እያየች ነው። ግን ረቂያ የደንበኛ ልብስ ላይ የላላ ስፌት አይታ ዝም ብላ አታውቅም።

«እዚህ ጋ ልክ አይደለም» አለች። «ላልቷል።»

«ተመልካቹም ያመነታው እዚያው ላይ ነው» አለች ዶክተር ሥምረት በቀስታ። «ሥዕሉን ብቻውን ሲያይ ወደ ገር ያደላ ነበር፤ ከመቶ ስድሳ። መዝገቡ ሲጨመርበት ነው የዞረው። አምና ሁለት ሳንቲ ሜትር የነበረ፣ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ገር አይባልማ። ነኢማ፣ ጠባሳሽን አሳዪኝ።»

ነኢማ ልብሷን ገለጥ አደረገች። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ነካካችው፣ ከኪሷ መለኪያ አውጥታ ለካችው። «ሁለት ሳንቲ ሜትር» አለች። ወደ ግድግዳው ተመልሳ መዝገቡን አወጣች። ድምፅ አላሰማችም፤ ከንፈሮቿ ግን ሲንቀሳቀሱ ታዩ። አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ።

ከዚያ ተቀመጠች።

«ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። ገር ነው አልልም። ሥዕል ለዚህ ምሎ አይመሰክርም። ከፈረምኩ የሚሆነው ይህ ነው፤ ነገ ትርፍ አንጀቱ ብቻ ይወጣል፣ ሳይፈነዳ፣ እንዳለ። ከዚያ ተቆርጦ በማጉያ መነጽር ይታያል። ክፉ ከሆነ እንመለሳለን፤ ሁለተኛ ትከፈቻለሽ፤ የባከነው ቀንም ባክኗል። ገር ከሆነ የቀረው አካልሽ ላንቺ ይቀራል። ተመልካቹ ሲሳሳት የሚጠየቅ የለም። እኔ ስሳሳት እኔ ነኝ የምጠየቀው።» ወደ ነኢማ ዞረች። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከዓርብ ጀምሮ ነኢማን ይህን የጠየቃት አልነበረም። ልብሷን መልሳ አስተካከለች።

«እናቴ ያነበበችውን እቀበላለሁ» አለች።

ዶክተሯ ከመሳቢያ ብዕር አወጣች፤ ቀለሙ ደርቋል። ሌላ ሞከረች፤ እሱም ደርቋል። ረቂያ እጇን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሰድዳ እርሳሷን አቀበለቻት።

*

ማክሰኞ ነኢማ ገብታ በአርባ ደቂቃ ወጣች። ረቡዕና ሐሙስ ረቂያ ሱቅ ዋለች። የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ዘመዘመች፤ ፈታችው፤ እንደገና ዘመዘመች። ጋሽ ኡመር ሁለቴ መጥቶ የሌለ ቁልፍ አስተክዪልኝ እያለ ተቀምጦ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ሥዕል ቤቱ በር ላይ ቆማ ነጋሪዋን ከጆሮዋ ነቅላ ኪሷ ከተተችው። የነኢማ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ከቀዳዳው ወጣ። ከመስመሮቹ መካከል የምትፈልገውን ቃል አገኘች። ሁለት ፊደል ነው። አላልታ አነበበችው፤ አጥብቃ ልታነበው ሞከረች፤ አልጠብቅ አለ። ገር። ሌላ ሊባል አይችልም። ሰልፈኛው የሚያለቅስ ሰው አይቶ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ልማድ ነው።

ቤት ስትደርስ ነኢማ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን አሳየቻት፤ «ገር» ብላ ጣቷን ሁለቱ ፊደሎች ላይ አሳረፈችላት። ነኢማ የእናቷን እጅ ይዛ ለረጅም ጊዜ ፊደሎቹን አየቻቸው።

«አንገቷ ያልተሰበረ ‹ገ› ናት» አለች፤ ሳቀች፤ ስፌቱ አሟት ተወች። ከዚያ፣ «እማ፣ የአባባን ወረቀትስ መቼ ነው የምታነቢው?» አለቻት።

ረቂያ ዞረች። «በምን አወቅሽ?»

«ፊደል መማር ስትጀምሪ አወቅኩ። ለሌላ ለምን ይሆናል?»

ፊደሉን ገና አልጨረሰችም፤ ከመጨረሻው ረድፍ ጥቂት ይቀራታል። ቢሆንም ቆርቆሮውን አወረደች። ቁልፎቹን ጨርቅ ላይ ገለበጠች። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። የሰዒድን ስም አነበበች፤ እሱን ቶሎ ነው ያወቀችው። ቀጥሎ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የታችኛው «ምደባ፦ ወደ ቤት» ይላል። መዳቢው መሣሪያ የጻፈው ነው፤ ከላይ ያለውን አንብቦ። የላይኛው አንድ ሐኪም ለመዝጋቢው ተናግሮ የሄደው ነው፤ ማን እንደነበረ፣ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ሦስት ቃል ነው። የአንጀቱ ቀዳዳ ይሰፋል።

ረቂያ አንዴ አነበበችው። ያን ጊዜ ነጋሪው ይህንኑ ነበር ያላት፤ አላልቶ። ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ቤት ወሰዱት፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ዘጠኝ ዓመት ስትሰማው የኖረችው ይህን ነው። አሁን ፊደሎቹ ፊቷ ላይ ናቸው። አናታቸው ላይ ነጥብ የለም። መርፌና ክር የሚል የለም። አፉን የሰማ ሰው አልነበረም።

«ምን ይላል?» አለች ነኢማ።

ረቂያ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው፤ ግን ሳያላሉት ወይም ሳያጠብቁት የሚናገሩበት መንገድ የለም። አላልታ ብትናገረው ሰዒድ መሞቱ የማይቀር ነበር። አጥብቃ ብትናገረው መርፌና ክር የሚበቃው ሰው ነበር። ሁለቱንም ለልጇ ልትሰጣት አልቻለችም።

እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች። ሁለቱን ነጥብ ልታደርግ ጫፉን «ሰ» አናት ላይ አስጠግታ ያዘችው። ወረቀቱን ሳትነካው መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰካችው።

«እማ? ምን ይላል?»

ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፋ ልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ስፌቱ ሲድንልሽ፣ ቅዳሜ ፊደል ልትቆጥሪ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አለቻት። «ራስሽ ታነቢዋለሽ።»